ከፓሌት እንጨት የሳሎን ጠረጴዛ፦ ለጥምቀት ይደርስልኝ ይሆን?

የማራኪው

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ጎንደር፣ ማራኪ ነኝ። አንድ የሴራሚክ መሸጫ ደጃፍ ላይ ፓሌቶች፣ ዕቃ ተጭኖባቸው የሚመጡ የእንጨት ርብራቦች፣ ተደራርበው አየሁ። ባለሱቁን ስጠይቀው «ቦታ አጣብበውብኛል፣ ውሰድልኝ» አለኝ። ሦስት መርጬ በጋሪ አስጫንኩ። አሁን ግቢ ውስጥ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። እናቴ ባለፈች ቁጥር «ይሄ ማገዶ መቼ ነው የሚፈለጠው?» ትላለች።

ሶፋው ፊት የሚቀመጥ ጠረጴዛ ልሠራበት ነው ሐሳቤ። የጌጥ ዕቃ አልፈልግም። እኛ ቤት ቡና አይቋረጥም። ሲኒውም ስኳሩም ቁርሱም እዚያው ላይ ነው የሚያርፈው። አሁን ያለን ኤምዲኤፍ፣ ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ፣ ነው። ውሃ እየነካው ጠርዙ አብጦ፣ ልባሱ ተላጦ አልቋል። ጥምቀት ደግሞ እየመጣ ነው። የጎንደር ሰው የጥምቀት እንግዳ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ጥያቄዬ እንዲህ ነው። ሁለቱ ፓሌቶች ላይ የተተኮሰ ማህተም አለ። የስንዴ ዘለላ የሚመስል ሥዕል፣ አጠገቡ የላቲን ፊደልና ቁጥር። አንዱ «ኤች ቲ» ይላል፣ ሌላው «ኤም ቢ»። ሦስተኛው ምንም የለውም፤ ቀላ ያለና ከባድ ነው። ይሄ ልዩነት አለው? ደግሞስ ጣውላው ሳይሰነጠቅ እንዴት ነው የሚፈታው? ምስማሩ በጭራሽ አልነቃነቅ ብሏል። ያለኝ መሣሪያ የእጅ መጋዝ፣ መዶሻ፣ ጉጠትና ድሪል ነው።

ፈንድሻ

እናትህ ልክ ናቸው፣ ማገዶ ነው። ቀልዴን ነው። ፎቶ ልቀቅ።

ላብራቶሪ

ማህተሙ ትልቅ ልዩነት አለው። የስንዴ ዘለላዋ የዓለም አቀፉ የዕፅዋት ጥበቃ ስምምነት ምልክት ናት። በእንጨት ማሸጊያ ውስጥ ተደብቆ ከአገር አገር የሚሻገረውን ተባይ ለመከላከል «አይ ኤስ ፒ ኤም 15» የሚባል ደንብ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የጸደቀ ነው። ከዘለላዋ ጎን ያሉት ሁለት ፊደሎች እንጨቱ የታከመበትን አገር ይናገራሉ። ቁጥሩ የአምራቹ ነው። መጨረሻ ላይ ያሉት ሁለት ፊደሎች ደግሞ የአንተ ጥያቄ ናቸው።

«ኤች ቲ» ማለት በሙቀት የታከመ ነው። የእንጨቱ እምብርት 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ እዚያው ይቆያል። በቃ፣ ሌላ ነገር የለበትም። ይሄን ያለ ሐሳብ ተጠቀምበት።

«ኤም ቢ» በሜቲል ብሮማይድ ጋዝ የታጠነ ነው። መርዝ ነው። የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ስምምነት አጠቃቀሙ ተገድቧል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ጭራሽ አቁሞታል። በሌሎች አገሮች ግን ለጭነት ማጠኛ አሁንም ይፈቀዳል። እኔ ብሆን ሳሎኔ አላስገባውም። አልልገውም፣ አልፈቅፍቀውም። ከሁሉም በላይ ለቡና ምድጃ እንዳትማግደው። ለእናትህ ይሄን ንገራቸው።

ጃንተከል ሥር

ላብራቶሪ ትንሽ አጋነንከው መሰለኝ። ጋዝ እኮ ነው። ታጥኖ፣ መርከብ ተጭኖ፣ ጅቡቲ ደርሶ፣ በከባድ መኪና ጎንደር እስኪመጣ ድረስ ምን ይቀረዋል? በኖ አልቋል።

ላብራቶሪ

አብዛኛው በኗል፣ ልክ ነህ። የሚቀረው ትንሽ ነው። እኔ የምለው፣ ኤች ቲ የሚል ጎኑ ቆሞ እያለ ለምን ወደዚያኛው ይሄዳል? በነጻ ያገኘው ነገር ነው።

በነገራችን ላይ ከማህተሙ ይልቅ የሚያሳስበኝ ከላዩ የፈሰሰው ነው። ፓሌት ፀረ አረም ይጭናል፣ የባትሪ አሲድ ይጭናል፣ ዘይት ይጭናል። ማህተሙ ይሄን አይነግርህም። ቀረብ ብለህ አሽትተው። የቅባት ወይም ያልታወቀ ፈሳሽ ጠባሳ ያለበትን ጣውላ ተወው። የሴራሚክ ፓሌት አብዛኛውን ጊዜ ንጹሕ ነው፤ አቧራ ነው ያለበት።

አናጺው አዘዞ

ልጄ፣ የመርዙን ነገር ተማሪዎቹ ነግረውሃል። እኔ ወደ እጅ ሥራው ልግባ።

ያ ማህተም የሌለው ቀዩ እዚሁ አገር የተመታ ነው። ባህር ዛፍ ይመስለኛል። ማረጋገጥ ከፈለግህ ጥፍርህን ተጫንበት። ከውጭ የመጣው ለስላሳ ስለሆነ ምልክት ይይዛል። ባህር ዛፍ ጥፍርህን ይመልስልሃል። ባህር ዛፍን ለጠረጴዛ ፊት አልመክርህም። ሲደርቅ ይጣመማል፣ ጫፉም ይሰነጠቃል። ግን እንዳትጥለው። ጣውላውን የሚሸከሙት ወፋፍራም እንጨቶች እግር ይሆኑሃል። ለእግር ከእሱ የሚሻል አታገኝም።

አሁን አፈታቱ። የፓሌት ምስማር ሱቅ እንደምትገዛው ልሙጥ አይደለም። ጥምዝ ነው፣ አለዚያም አካሉ ላይ ቀለበት ቀለበት አለው። በማሽን ነው የተተኮሰው። እንዳይወጣ ተብሎ የተሠራን ነገር በጉልበት ስትስበው ጣውላውን ገንጥሎ ይመጣል። ስለዚህ አትንቀለው፣ ቁረጠው። በጣውላውና በተሸካሚው መካከል የእንጨት ሽብልቅ አስገባና ቀስ ብለህ ምታው። የሳንቲም ውፍረት ያህል ክፍተት ይበቃሃል። የብረት መጋዝ ምላጭ ከእጀታው አውጥተህ አንዱን ጫፍ በጨርቅ ጠቅልል። በክፍተቱ አስገብተህ ምስማሩን ገዝግዘው። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽህም። ግራይንደር ያለው ጎረቤት ካለህ ይፈጥንልሃል፤ ግን መነጽር ሳታደርግ እንዳትጀምር፤ ብልጭታውም ገለባና ሰጋቱራ አጠገብ አይሁን።

የምስማሩ ራስ ጣውላው ውስጥ ይቀራል። ከጀርባ በቀጭን ብረት ብትመታው ይወጣል። አንዳንድ ሰው ጥቁር ነጥቡን ይወደዋል፣ ይተወዋል። መላጊያ ማሽን ያለው ቤት ልትወስደው ካሰብህ ግን አንድም ምስማር መቅረት የለበትም። ከተበላሸ ስፒከር ማግኔት አውጣና በጣውላው ላይ አስኪደው፤ የተደበቀውን ይነግርሃል። የማሽን ቢላ ምስማር ከነካ ይጎረዳል። ባለማሽኑም ዳግም ከደጁ አያስደርስህ።

የጣውላውን ጫፍ አትመን። ምስማር የነበረበት ጫፍ ስንጥቅ አርግዟል። ከሁለቱም በኩል ስድስት ስድስት ሳንቲ ሜትር ቆርጠህ ጣል።

ከዚያ አድርቀው። ውጭ የከረመ እንጨት የደረቀ መስሎህ እንዳትሸወድ። ጣውላዎቹን ቤት ውስጥ ወይም ነፋስ ያለው ጥላ ሥር ደርድር፣ በየመካከላቸው እኩል ቀጫጭን ርብራብ አስገባ፣ ከላይ ድንጋይ ጫንበት። ፀሐይ ላይ አታስጣው። ያን ባህር ዛፍ በተለይ ፀሐይ ካገኘው ዓይንህ እያየ ይተረተራል።

የማራኪው

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጥፍሬን ሞከርኩት፣ ቀዩ አልተቀበለኝም። እርስዎ እንዳሉት ነው።

ኤም ቢ የሚለውን ለይቼ ግቢው ጥግ አኑሬዋለሁ። እናቴንም ነግሬያታለሁ። «መርዝ ከሆነ ምን ልታደርግ አመጣኸው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ታዲያ ከአንድ ፓሌት ብቻ ጠረጴዛ ይወጣል? ኤች ቲ የሚለውን ለካሁት። 120 በ80 ሳንቲ ሜትር ነው። ጎኑ ላይ በክብ ውስጥ ሌላ ማህተምም አለው።

ባሕር ማዶ

ከፍራንክፈርት ሰላም ብያለሁ። የቸቸላ ልጅ ነኝ።

ያ ክብ ማህተም ያለው የአውሮፓው መደበኛ ፓሌት ነው። ልኩ የታወቀ ነው፦ 120 በ80፣ ቁመቱ 14.4 ሳንቲ ሜትር። አስራ አንድ ጣውላ፣ ዘጠኝ ጉማጅ፣ 78 ምስማር። ጋሼ አናጺው «አሰልቺ ነው» ያሉት ለዚህ ነው። ከላይ ያሉት አምስት ጣውላዎች ሦስቱ 14.5፣ ሁለቱ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት አላቸው። ስትደምራቸው 63.5 ይመጣል። ለሳሎን ጠረጴዛ ከበቂ በላይ ነው። ውፍረታቸውም 22 ሚሊ ሜትር ነው፣ ለመላግ ይበቃል።

ግን ለምን ትፈታዋለህ? እዚህ ወጣቱ ሁሉ ሁለት ፓሌት ይደራርባል፣ ከሥር ጎማ ይመታል፣ ከላይ መስታወት ያስቀምጣል፣ አለቀ። ሁለቱ ሲደራረቡ 29 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከጎማው ጋር ወደ 40 ይጠጋል። በአንድ ከሰዓት የሚያልቅ ሥራ ነው።

ፈንድሻ

ባሕር ማዶ፣ ያ ነገር ካፌ ውስጥ ያምራል። ቤት ውስጥ ግን አቧራው፣ የልጅ መጫወቻው፣ ሪሞቱ፣ ፈንድሻው ሁሉ ሆዱ ውስጥ ይገባል። ማን ያጸዳዋል? ደግሞ ባለ ጎማ ጠረጴዛ ላይ ስኒ ሞልተህ ሕፃን ልጅ ሲገፋው አስበው።

ጃንተከል ሥር

ስምህ ፈንድሻ ሆኖ ስለ ፈንድሻ መጨነቅህ ደስ ይላል።

እትዬ ረከቦት

ልጆች፣ ስለ ምስማር ብቻ ታወራላችሁ። ቡና የምታፈላዋን ጠይቃችኋታል?

እሷ በርጩማ ላይ ነው የምትቀመጠው። ሶፋ ላይ አይደለም። ጠረጴዛው 45 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ረከቦቱ ከላዩ ቢቀመጥ ጀበናውን ከትከሻዋ በላይ አንሥታ ልትቀዳ ነው። እጇ ይዝላል፣ እንግዳም ይቃጠላል። ስለዚህ አንዱን ወስኑ። ረከቦቱ መሬት፣ ቄጠማው ላይ ይሁን፤ ጠረጴዛው የጠጪዎች ይሁን። ወይም ሁለቱንም ከፈለጋችሁ ከፍታውን ዝቅ አድርጉት።

ሁለተኛ፣ የከሰል ምድጃው። ሰው ብርድ ሲለው ጠጋ ያደርገዋል። የጠረጴዛ እግር አጠገብ ምድጃ ስታስቀምጡ እንጨቱ ቀስ በቀስ ይጠቁራል፣ ቫርኒሹም ይኮማተራል። እጅ ተዘርግቶ የማይደርስበት ቦታ ይሁን። ማጨሻውም ቢሆን ባዶ እንጨት ላይ አይቀመጥም፤ ሳህን ከሥሩ።

ሦስተኛ፣ ማንም ያላነሳው። በዓል ሲሆን ቄጠማ እንጎዘጉዛለን። ቄጠማ እርጥብ ነው። ጥምቀት ሰሞን ሳሎን ውስጥ ቀኑን ሙሉ፣ አንዳንዴ እስከ ማግስቱ ይቆያል። የእንጨት እግር እዚያ እርጥበት ላይ ቆሞ ይውላል። የኔ የድሮው ጠረጴዛ እግሩ ከሥር የበሰበሰው በሌላ አይደለም።

አናጺው አዘዞ

እትዬ፣ ወርቅ ተናገሩ። ለአርባ ዓመት እንጨት ነክቻለሁ፣ የቄጠማውን ነገር ለደንበኛ ነግሬ አላውቅም።

ልጄ፣ ምክንያቱን ልንገርህ። እንጨት ውሃ የሚጠጣው በጎኑ ሳይሆን በጫፉ ነው። በቆመ እግር ደግሞ ጫፉ መሬቱን የሚነካው ነው። ስለዚህ የእግሩን መሬት ነኪ ፊት ኮላ በደንብ አጥግበው፣ ሲደርቅ ቫርኒሽ ድገመው። ከዚያ ከአሮጌ ጎማ ክብ ክብ ቆርጠህ በአጭር ምስማር ምታበት። የምስማሩ ራስ ጎማው ውስጥ ጠልቆ ይግባ፤ ካልሆነ ሴራሚኩን ይጭራል። ወለሉ በየቀኑ ሲወለወልም ያው ጥቅም አለው።

የጎማ ተሽከርካሪውን ነገር እኔም አልወደድኩትም።

የማራኪው

እትዬ ረከቦት፣ እናቴ ያሉትን ስታነብ «ይቺ ሴት ማን ናት፣ ታምጣት» አለች። ረከቦቱ መሬት ይሆናል። ጠረጴዛው 40 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን ተስማምተናል።

አሁን የሚያከራክረን ክፍተቱ ነው። ወንድሜ ጣውላዎቹ በኮላ ተጣብቀው አንድ ወጥ ፊት ይሁኑ ይላል። ስኳር አይገባበትም፣ ለማጽዳት ይቀላል። እኔ ትንሽ ክፍተት ቢኖረው ብዬ ነበር። ወይስ መስታወት ይሻላል?

ፈንድሻ

አጣብቀው። ክፍተት ካለ ስኳር ይገባል፣ ጉንዳን ይመጣል። ያየሁትን ነው የምነግርህ።

ጃንተከል ሥር

መስታወት። መስታወት ቤት ሄደህ በልኩ አስቆርጥ፣ ጠርዙን አስፈቅፍቅ። እንጨቱም ይታያል፣ ጽዳቱም ይቀላል።

እትዬ ረከቦት

መስታወት ላይ ስኒ ሲቀመጥ ድምፁ ጥርስ ያሳክካል። የጣት አሻራውስ? ቀኑን ሙሉ ጨርቅ ይዞ መቆም ነው።

አናጺው አዘዞ

እዚህ ላይ ወንድምህን አትስማው። ወቅቱን አስቡት። አሁን በጋ ነው፣ አየሩ ደረቅ ነው። እንጨቱ ደርቆ በጠበበ ሰዓት ነው የምትገጥመው። ሰኔ ሲገባ ዝናቡ እስከ መስከረም አይለቅም። ያን ጊዜ እንጨቱ እርጥበት ስቦ ይሰፋል። ርዝመቱ ምንም አይለው፤ የሚሰፋው በወርዱ ነው። 14.5 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ለስላሳ ጣውላ ከበጋ ወደ ክረምት አንድ፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ሊሰፋ ይችላል። አምስቱን አጣብቀህ ከሥር በምስማር ብትወጥራቸው መሄጃ ያጣሉ። ወይ መካከሉ ያብጣል፣ ወይ ምስማሩን ይነቅላሉ፣ ወይ በሚቀጥለው በጋ ሲጠቡ ይሰነጠቃሉ።

አጣብቆ መሥራት ይቻላል፤ ፈርኒቸር ቤት ሁሉ ያደርገዋል። ግን ጎናቸው ቀጥ ብሎ መላግ አለበት፣ ማጥበቂያ ብረት ይፈልጋል፣ ፊቱ ከእግሩ ጋር የሚያያዝበትም ብሎን ቀዳዳው ሞላላ መሆን አለበት፣ እንጨቱ ሲሰፋ እንዲንሸራተት። የፓሌት ጣውላ ይዘህ ይሄን ሁሉ ከምትለፋ ሦስት ሚሊ ሜትር ክፍተት ተው። እኩል እንዲሆን በየመካከሉ ቀጭን ካርቶን አጥፈህ አስገባና ስትጨርስ አውጣው። እያንዳንዱን ጣውላ ለብቻው ከሥር በብሎን እሰረው። ከላይ ምንም አይታይም።

የስኳሩ ጉዳይ ብሩሽ ይፈታዋል።

እግሩን ደግሞ በብሎን ብቻ አትመን። ወንድና ሴት አድርገህ፣ የአንዱን ጫፍ ምላስ አውጥተህ በሌላው በተቦረቦረው ቀዳዳ እያስገባህ፣ ግጠመው፣ በኮላ። መሮ ያስፈልግሃል፣ ተዋስ። የባህር ዛፍ እግር ከዙሪያ ማሰሪያው ጋር እንደዚያ ከተጋባ ሰው ቢቆምበት አይነቃነቅም። ባህር ዛፍ ላይ ብሎን ከማስገባትህ በፊት በድሪል በሳው፤ አለዚያ ወይ እንጨቱ ይሰነጠቃል፣ ወይ የብሎኑ አንገት ይቆረጣል።

ባሕር ማዶ

ጋሼ፣ እዚህ አገር ትምህርት ቤት ገብተው የሚማሩትን ነው በነጻ የሚሰጡት። ያልኩትን ሁለት ፓሌት መደራረብ ትቻለሁ።

ብርሌ

ክሩን ከሥር ሆኜ እያነበብኩ ነበር። እኔም አንድ ፓሌት አለኝ። ጣውላው ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ አለው፤ ስነካው ነጭ ዱቄት ይረግፋል። ነጭ ጋዝ ልቀባው?

አናጺው አዘዞ

ዱቄቱ አዲስ ከሆነ ነቀዙ ሕያው ነው። ጥረገውና ከሥሩ ወረቀት አንጥፍ። ሰንብተህ እንደገና ዱቄት ካገኘህ እንጨቱን ቤትህ አታስገባ። ወደ ሶፋው እንጨትና ወደ በርህ ይዛመታል። ቀዳዳው አሮጌ ከሆነ፣ ምንም ካልረገፈ ግን ችግር የለውም።

ላብራቶሪ

ነጭ ጋዝ ግን በፍጹም። የከሰል ምድጃ አጠገብ የሚቀመጥ ዕቃ ነው የምትሠራው። ሽታውም አይለቅም። የተቃጠለ የሞተር ዘይትም እንዲሁ፤ እሱ ለአጥር ቋሚ ነው።

የማራኪው

ዜና አለኝ። ፓሌቱ ተፈታ። የምላጩን ዘዴ ተጠቀምኩ፤ አንድም የላይ ጣውላ አልተሰነጠቀም። ቆርጬ ስጨርስ ፊቱ 108 በ63 ሳንቲ ሜትር ሆነ። የታችኞቹ ጣውላዎች ዙሪያ ማሰሪያና ከሥር የመጽሔት መደርደሪያ ወጣላቸው። እግሮቹ ከባህር ዛፉ። መላጊያ ማሽን ቤት አልወሰድኩትም፤ ብርጭቆ ወረቀት ብቻ። በ80 ቁጥር ጀምሬ፣ በ120 አልፌ፣ በ180 ጨረስኩ። እናቴ የወጣውን መልክ ስታይ ማገዶ ማለቷን ትታለች። አሁን «ለምን ትንሽ አላሰፋኸውም?» ነው።

ወጪ ለጠየቃችሁኝ፦ እንጨቱ ነጻ ነው። ግን ብርጭቆ ወረቀቱ፣ ኮላው፣ ብሎኑ፣ ብሩሹና ቫርኒሹ ሲደመር ነጻ የሚለው ቃል ያሳቅቃል። የሰው ጉልበት ቢታሰብማ አይወራም። ከገበያው ኤምዲኤፍ ግን አሁንም ይረክሳል፣ ደግሞ እንጨት ነው።

የቀረኝ ቅቡ ነው። ቫርኒሽ ወይስ ዘይት? አጎቴ ኑግ ዘይት ቀባው ይለኛል።

ላብራቶሪ

ኑግ ለወጥ። እንጨት ላይ በወጉ አይደርቅም፤ ሲያጣብቅ ይከርማል፣ አቧራ ይሰበስባል። የሚደርቀው የተልባ ዘይት ነው፤ እሱም ቀለም ቤት የሚሸጠው ለእንጨት የተዘጋጀው። ስስ አድርገህ ትቀባለህ፣ ጥቂት ቆይተህ የተረፈውን በጨርቅ ትጠርጋለህ። መልኩ ሞቅ ይላል፣ በጣም ያምራል።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ። የተልባ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨብጠህ ጥግ አትጣለው። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል። የተጠቀለለ ጨርቅ ውስጥ ያ ሙቀት መውጫ ስለሚያጣ ማንም ሳይለኩሰው በራሱ ሊነድ ይችላል። ውጭ ዘርግተህ አድርቀው፣ ወይም ውሃ ውስጥ ንከረው።

አናጺው አዘዞ

ዘይቱ ያምራል፤ ግን ለቡና ቤት ቫርኒሽ። ትኩስ ስኒ፣ የፈሰሰ ውሃ፣ የስኳር ጠብታ በየቀኑ ያለበት ፊት ነው። ዘይት ብቻ ከሆነ ቡናው ሰርጎ ያጠቁረዋል።

የመጀመሪያውን እጅ በማቅጠኛ አቅጥነህ ቀባ፣ እንጨቱ ይጠጣው። ሲደርቅ ጸጉሩ ይቆማል፣ ፊቱ ይሻክራል። አትደንግጥ። በለሰለሰ ብርጭቆ ወረቀት ዳበስ አድርገህ አቧራውን ጥረግ። ከዚያ ሁለት እጅ ድገም፣ በየመካከሉ ዳበስ እያደረግህ። የጣውላውን ጀርባም ቀባ። ሰው የማያየውን ምን አደከመኝ ይላል፤ አንዱ ፊት ብቻ ሲቀባ ያልተቀባው ወገን እርጥበት ይስባልና ጣውላው ይጎብጣል። በክፍተቶቹም ውስጥ ብሩሹን አስገባ።

ንፋስ አቧራ የማያነሳበት ሰዓት ምረጥ። ጠዋት ይሻላል። መስኮት ክፍት ይሁን።

እትዬ ረከቦት

ቫርኒሹ ደረቀ ብላችሁ በማግስቱ ጀበና እንዳታስቀምጡበት። ላዩ ይደርቃል፣ ውስጡ አይደርቅም። ነጭ ክብ ይተውበታል። ጀበና ደግሞ ሁልጊዜ ከነማቶቱ።

የማራኪው

ሦስቱንም እጅ ቀብቼ ጨርሻለሁ። ቤት ውስጥ ባዶውን ተቀምጦ እየደረቀ ነው። እናቴ ለጊዜው ማንም እንዳይነካው ጨርቅ ጣል አድርጋበታለች። ጥምቀት ሊደርስ ትንሽ ቀርቶታል፣ እስከዚያ ይጠነክራል።

ጋሼ አናጺው፣ እግሮቹን በወንድና ሴት ነው የገጠምኩት። ወንድሜ ቆመበት። አልተነቃነቀም።

ፈንድሻ

ፎቶ አሁንም አልተለቀቀም። ክሩ ከተከፈተ ጀምሮ እየጠየቅሁ ነው።

የማራኪው

ማታ እለቃለሁ፣ ስልኬ ባትሪ የለውም።

ብርሌ

ዘጠኙን ጉማጅ ምን አደረግሃቸው? ለአበባ ማስቀመጫ ፈልጌ ነበር። ከኤች ቲው የወጡት ከሆኑ።

የማራኪው

አዎ፣ ከኤች ቲው ናቸው። ሦስቱን እናቴ ወስዳለች፤ የጋዝ ምድጃው ጠረጴዛ እግር አጥሮ ነበር። ስድስቱ አሉ። ምስማራቸው ግን አልወጣም፤ ጉጠት ይዘህ ና።